ቢጫው ቅጂ

ተራ ቁጥሩ አሥራ ሰባት ነበረ፤
በሩን በክርኑ ገፍቶ ገባ፣ ስለ ትራሙ መዘግየት አማረረ።
ኅዳር ነው፤ ጉሙ የራይንን ወንዝ ውጦ
እንደ ታካሚ ተራ ይጠብቃል፣ ከመስኮታችን ሥር ተቀምጦ።
ባዝል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የእጅ ሕክምና ክፍል።

ፋይሉን ገልጬ ስሙን በጀርመን ፊደል አነበብኩት፤
አፌ ቀድሞኝ በልጅነት ጩኸት ሊጠራው ሲል፣ መለስኩት።
በላቸው።
ስም ነው፣ ትእዛዝም ነው፤
የድሬዳዋ ስታዲየም በአንድ ጉሮሮ የጮኸው፣
ሬዲዮ የሌለው ሰፈር እንኳ ከነፋስ ላይ የሰማው።
በላቸው ማግኔት።

ደቻቱ ሲደርቅ አሸዋው ሜዳችን ነበር፤
ሁለት ነጠላ ጫማ የጎሉ ድንበር።
ወንድሜ ሪድዋን በረኛ፣ እኔ የሄደች ኳስ መላሽ፤
በላቸው ግን የጋራ ሀብታችን፣ የማይከፋፈል፣ የማይበላሽ።
በፍጻሜው ቀን፣ ይባላል፣ ትንሿ ጣቱ ተሰብራ
ፍጹም ቅጣት ምቱን አዳነ፣ ሳይቃትት፣ ሐኪም ሳይጠራ።
ይባላል ነው እንግዲህ፤ እኛ ግን አይተናል ብለን ማልን፤
ትንሿን ጣት አጥፈን፣ በክር አስረን፣ ሳምንት ሙሉ በአራት ጣት በላን።
የሪድዋን ክር ጠብቃ ጣቱ ስትጠቁር
በጥርሴ የፈታሁለት እኔ ነኝ።
ይህን ሙያ እንዴት መረጥሽ ሲሉኝ የማልናገረው ነገር።

አሁን ያ እጅ መዳፌ ላይ ነው። ቀዝቃዛ፣
ቆዳው እንደ ቆየ ጓንት የላላ፤
ትንሿ ጣት ጎብጣለች፣ አፍሮ እንደሚል ሰው ወደ ኋላ።

«ይቺ መቼ ተሰበረች?» አልኩት በአማርኛ።
ቀና አለ። «ያገር ልጅ ነሽ ለካ!» ሳቀ፤
ሳቁ ሁለት ጥርስ የጎደለው፣ የዋዘኛ።
«የመኪና በር ነው፣ እህቴ። የክለቡ የጭነት መኪና፤
ከጨዋታው በኋላ፣ ድግሱ ላይ፣ ሞቅ ብሎኝ ነበርና።»
«ቅጣት ምቱስ?» ሳላስበው አመለጠኝ።
«እሷንማ እኔ የት አየኋት!
በተሳሳተው በኩል ወደቅሁ፣ ኳሷ ተረከዜን አገኘችኝ።
ሕዝቡ በትከሻው ሲሸከምሽ፣ በስሕተት ነው ይባላል?
ዝም አልኩ። ዝም ያለ ሰው ባገራችን
ብዙ ይታማል፣ ብዙም ይወደሳል።»

ከዚያ ስለ ኢንሹራንሱ አወራ፣ ስለ ደረጃችን ብዛት፣
እዚህ ቤት ሻይ የሚባል ነገር የለም ወይ አለ።
ተናደድኩ። በእሱ አይደለም፤ በዚያች በጠቆረች ጣት፣
በክሩ፣ በመሐላው፣ በአራቱ ጣት እራት።
እጁን ግን አለቀቅኩም። ሥራዬ ነው። በቀስታ ዘረጋኋት፤
ጣቲቱ እምቢ ስትል፣ እሺ እስክትል ጠበቅኋት።

የስምምነት ፎርም አለ፤ ነጩ ለእኛ፣ ቢጫው ለታካሚ፤
ፈረመ፣ መስመሩን ተሻግሮ፣ በትልቁ፣ እንደ አዲስ ተሿሚ።

ሄደ። ቢጫው ቅጂ ወንበሩ ላይ ቀረ።
ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ፤
ፌርማታው ላይ ጉም እንጂ ሰው አይታይም ነበረ።
«በላቸው!»
ከሆዴ የወጣ፣ የአሸዋው ሜዳ ድምፅ።
ውሻ የያዘች ሴትዮ ዞረች፣ ብስክሌተኛው ዞረ፤
ከጉሙ መሐል አንድ ኮፍያ ተመለሰ፣ ትከሻው ቀና እያለ፣ እያማረ።
ወረቀቱን ዘረጋሁለት።
እሱ ግን ከደረት ኪሱ ብዕር መዘዘ፤
«ለማን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ።
ብዕሩ ከጣቶቹ አምልጦ ወደቀ። መሬት ሳይነካ፣ በግራ እጁ፣ ያዘ።

«ለሪድዋን» አልኩ።

ማታ ጅቡቲ ደወልኩለት፤ ወደቡ ላይ ኮንቴይነር ሲቆጥር።
ስለ መኪናው በር አልነገርኩትም፣ ስለ ተረከዙም ነገር።
ረጅም ዝም አለ፤ ከኋላው ክሬን ያቃስታል።
«ጣቱስ?» አለኝ በመጨረሻ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኖ።
«እንደ ጎበጠች ናት» አልኩት።
እውነቴን ነው።